ፈንግል የመታው አውራ ዶሮ

ክረምት ሊገባ ሲል፣ የመጀመሪያው ዝናብ ጣና ዳር ሲወርድ፣ በአንዳንድ የባሕር ዳር ጓሮ የንጋቱ ጩኸት ይቀራል። አውራው ዶሮ ቆጡ ሥር ላባውን አንጨፍርሮ፣ ክንፉን ጥሎ፣ አፉን ከፍቶ ሲያቃስት ይገኛል። ኩሱ አረንጓዴ ነው። የዶሮው ባለቤት ገና ሳታነሳው የበሽታውን ስም ትናገራለች፤ ፈንግል።

ፈነገለ ማለት ገለበጠ፣ ጣለ ነው። በሽታውም ክትባት ያላገኘን መንጋ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊጨርስ ይችላል። ሐኪሞች ኒውካስል ይሉታል፤ እ.ኤ.አ. በ1926 በእንግሊዟ ኒውካስል ከተማ አቅራቢያ በመታየቱ ያገኘው ስም ነው። ገበሬው ግን ፈንግል ሲል ዶሮን በጅምላ የሚፈጅ በሽታን ሁሉ ማለቱ ነው፤ የዶሮ ኮሌራም በዚሁ ስም ይጠራል። የስሙ መደባለቅ ዋጋ ያስከፍላል። ኮሌራን ባክቴሪያ ስለሚያመጣው በጊዜ ከተደረሰበት መድኃኒት ይመልሰዋል። የኒውካስል ቫይረስ ግን መድኃኒት የለውም። ሁለቱን በዓይን ብቻ መለየት አስቸጋሪ በመሆኑ ብዙ ዶሮ በአንዴ ሲታመም ለቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ መንገር ያስፈልጋል። ናሙናውን የሚመረምር ላቦራቶሪ እዚያው ባሕር ዳር አለ።

አውራ ዶሮ እንዲህ በቀላሉ የሚተው እንስሳ አይደለም። የፋሲካ ጾም የሚፈታው ዶሮ ሲጮህ ነው። ገበያ ላይም ክብደቱ ብቻ አይታይም፤ ላባው ቀይ ነው ወይስ ገብስማ፣ ኩክኒው ምን ይመስላል ተብሎ ይገመገማል። ስለዚህ ሲታመም ቤቱ ያለውን ሁሉ ይሞክራል። ሎሚ ይጨመቅለታል፣ ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ ይወቀጥለታል፣ አረቄ ጠብ ይደረግለታል። ለሰው የተገዛ የቴትራሳይክሊን እንክብል ተፈትቶ ውኃው ላይ የሚበተንበት ጊዜም አለ። ቴትራሳይክሊን ቫይረስ አይገድልም፤ ያለ ልክ ሲሰጥ ደግሞ ሥጋው ውስጥ ቀርቶ ወደ ሰው ገበታ ይመጣል።

ከዚህ ሁሉ የከፋው ሳይሞት ልሽጠው ማለት ነው። ቅዳሜ ገበያ የደረሰ አንድ በሽተኛ ዶሮ ፈንግልን ወደ ብዙ ሰፈር ይዞ ይሄዳል። በሽታው ከ2 እስከ 15 ቀን ተደብቆ ስለሚቆይ ጤነኛ የሚመስለውም ያሰጋል። አዲስ የተገዛ ዶሮ ሁለት ሳምንት ለብቻው የሚታሰረው ለዚህ ነው።

ታዲያ ለታመመው ምን ይደረግለት? ከሌሎቹ ይለያል፤ ደረቅ ጭድ የተነጠፈበት ካርቶን ነፋስና ዝናብ በማይገባበት ጥግ ይዘጋጅለታል። ጥቂት ስኳርና ቁንጥር ጨው የገባበት ውኃ በምንቃሩ ጎን ጠብ ጠብ ይደረግለታል። በግድ አፉን ከፍቶ መጋት ግን ውኃውን ወደ ሳንባው ይሰደዋል። መጀመሪያ ጤነኞቹ ይመገባሉ፣ በሽተኛው መጨረሻ ላይ ይታያል፣ ከዚያ እጅ በሳሙና ይታጠባል፤ ቫይረሱ የሰውንም ዓይን ሊያቀላ ይችላል። የሞተ ዶሮ ወደ ሐይቁ ወይም ወደ ዓባይ አይጣልም፣ ለውሻም አይሰጥም፤ በጥልቅ ጉድጓድ ይቀበራል።

የሚተርፍም አለ። አንዳንዱ አንገቱ እንደተጠመዘዘ ይቀራል፤ ጥሬ ለመልቀም ሲያጎነብስ ይስታል። እንዲህ ያለው ዶሮ ጥልቅ ሳህን እያቀረበ፣ እህሉን እያራሰ በትዕግሥት የሚያበላው ሰው ካገኘ ይኖራል። ሆኖም ቫይረሱን ለተወሰነ ጊዜ ሊያሰራጭ ስለሚችል ቶሎ ከመንጋው አይቀላቀልም።

ዋናው መከላከያ ቢሾፍቱ በሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት የሚመረተው ክትባት ነው። ከዓይነቶቹ አንዱ አይ-ቱ የሚባለው፣ አውስትራሊያ ውስጥ የተሠራ፣ ሙቀትን ከሌሎቹ በተሻለ የሚቋቋም ነው፤ ማቀዝቀዣ ለሌለው ገጠር ትልቅ ነገር ነው። ለጫጩትም ለአውራም መጠኑ እኩል ነው፤ አንድ ዓይን ላይ አንድ ጠብታ፣ በየሦስት ወይም በየአራት ወሩ። የታመመውን አያድንም፤ ጤነኛውም መከላከያ እስኪያበጅ ሁለት ሳምንት ያህል ይፈልጋል። ስለዚህ ከዙሮቹ አንዱ ከዝናቡ በፊት፣ ሚያዝያ ላይ መዋል አለበት። አንድ ብልቃጥ ከአንድ ጓሮ ዶሮ እጅግ ለሚበልጥ ይበቃል፣ ከተበጠበጠ ደግሞ ብዙ አይቆይም። ጎረቤት ከጎረቤት ቀን መቁረጥ አለበት። ዶሮዎቹ ቆጥ ላይ ሲወጡ፣ አመሻሽ ላይ፣ አንዱ ያዥ አንዱ አንጠባጣቢ ሆነው ከቤት ቤት ይዞራሉ። ጠብታዋ ዓይኑ ውስጥ እስክትገባ፣ አውራው አንድ ጊዜ እስኪያርገበግብ ድረስ አይለቀቅም።