ጋዟን ራሷ የምታመርት ጀልባ

አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብን የማያውቅ የለም። ከእነዚያ ግማሽ ምዕተ ዓመት ቀድማ ሰው ከጀርባዋ ላይ ወደ ሰማይ ያወጣችውን አሮጌ የከሰል ጀልባ የሚያነሳ ግን ጥቂት ነው።

ስሟ ጆርጅ ዋሽንግተን ፓርክ ከስቲስ ነው። የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በተጀመረበት በ1861 እ.ኤ.አ. የሰሜኑ ባሕር ኃይል በ150 ዶላር ገዛት። የፊኛ ባለሙያው ታዲየስ ሎው ላይዋን በጠፍጣፋ ወለል አስሸፈነ። የራሷ ሞተር ስላልነበራት የምትሄደው በእንፋሎት መርከብ እየተጎተተች ነበር። ኖቬምበር 11 ቀን ሎው በፖቶማክ ወንዝ ከእሷ ላይ ወደ ላይ ወጥቶ በማዶ የሰፈረውን የደቡብ ጦር ቃኘ።

እርግጥ ከመርከብ ላይ ፊኛ በመልቀቅ የመጀመሪያዋ እሷ አይደለችም። በ1849 ኦስትሪያውያን ቬኒስን በከበቡ ጊዜ ቦምብ የተንጠለጠለባቸው ሰው አልባ ፊኛዎች ከመርከብ ለቀዋል፤ በ1861 ኦገስት ላይም ጆን ላማውንቴን ፋኒ ከምትባል መርከብ በፊኛ ወደ ላይ ወጥቷል። ከስቲስን ልዩ የሚያደርጋት ለፊኛ ሥራ ተብላ መቀየሯና የጋዝ ማምረቻ መሣሪያ መያዟ ነው። በሎው መሣሪያ ሰልፈሪክ አሲድ በብረት ፍቅፋቂ ላይ ሲፈስ ሃይድሮጅን ይወጣል። ያ ጋዝ ተጣርቶና ቀዝቅዞ ፊኛውን ይሞላል። ለእኔ የፊኛ መርከብ ማለት ይህ ነው፤ የተሞላ ፊኛ ማሰርማ ማንኛውም ጀልባ ይችላል።

ፊኛ ትጎትት የነበረችውን የደቡቡን መርከብ የቲዘርን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች የሚያናድዱኝም እዚህ ላይ ነው። ድሃው ደቡብ ፊኛ መሥሪያ አጥቶ የሴቶቹን የሐር ቀሚስ ሰብስቦ ሰፋ ይላሉ። ወሬውን ያናፈሰው ጄኔራል ሎንግስትሪት ነው፤ ከጦርነቱ በኋላ ሲጽፍ ወይዛዝርቱ ቀሚሳቸውን እንደሰጡ አስመስሎ አስቀመጠው፤ ከዚያ ወዲህ ሁሉም እየተቀባበለ ይደግመዋል። እውነቱ ሌላ ነው። ፊኛውን ያሠራው ላንግደን ቺቭስ የቀሚስ ሐር በጣቃ ከነጋዴ ገዝቶ ሳቫና ላይ አሰፋው። ጨርቁ ልዩ ልዩ ቀለም ስለነበረው ፊኛው ዝንጉርጉር ሆነ፤ ያየው ሁሉ የቀሚስ ቁርጥራጭ መሰለው። የማንም ሴት ሣጥን አልተበረበረም።

ተረቱ የሚያስከፋኝ ዋናውን ችግር ስለሚሸፍን ነው። ደቡቦቹ ሐር አልቸገራቸውም፤ የቸገራቸው ጋዝ ነው። እንደ ሎው ያለ ተንቀሳቃሽ ማምረቻ ስላልነበራቸው ፊኛውን በሪችመንድ የጋዝ ፋብሪካ ሞልተው በባቡር፣ ኋላም በቲዘር እየጎተቱ ወደ ግንባር ያደርሱት ነበር። ጋዙ ካለቀ መመለስ ግድ ነው። ቲዘር ጁላይ 4 ቀን 1862 በጄምስ ወንዝ ላይ ከደለል ተሰክታ በማራታንዛ መርከብ ስትማረክ ፊኛው ከነሐሩ በሰሜኖች እጅ ገባ።

ስለ ቲዘር የምትጽፉ እባካችሁ ቀሚሱን ትታችሁ ጋዙን ጻፉ።