ጨረር የመታው ዝንብ

በአባያና በጫሞ ዳርቻ ከብት የሚያረባ ሰው የገንዲን በሽታ የሚያውቀው በበሬው ነው፤ ጠጉሩ የቆመ፣ ጎኑ የገባ፣ ቀንበር የከበደው በሬ። አስተላላፊው ቆላ ዝንብ ነው። ወንዱን በጨረር አምክኖ በመልቀቅ ዝንቡን ከደቡብ ስምጥ ሸለቆ ለማጥፋት እ.ኤ.አ. በ1997 ሥራ ከተጀመረ ወዲህ በአርባ ምንጭ ዙሪያ ሁለት ጥያቄ ይነሳል፤ ጨረር ያገኘው ዝንብ አይጎዳንም? ለምንስ ቶሎ አልጠፋም?

የመጀመሪያው አያሳስብም። ራጅ የተነሳ ሰው ጨረር ይዞ አይወጣም፤ ዝንቡም እንዲሁ። ጨረር የሚበረታው በመከፋፈል ላይ ባለ ሴል ላይ ነው። ያደገ ዝንብ የአካሉ ሴሎች እምብዛም ስለማይከፋፈሉ፣ ጋማ ጨረሩ በልክ ከሆነ ወንዱ ይበራል፣ ሴት ይፈልጋል። የዘር ፍሬውም በሕይወት አለ፤ ክሮሞዞሞቹ ግን ተሰባብረዋል። እንቁላሉ ጋ ደርሶ መከፋፈል ሲጀመር ስብርባሪው ለአዲሶቹ ሴሎች በትክክል አይዳረስም፤ ጽንሱ ይከስማል። ሴቷ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የምትገናኘው አንዴ ነው።

የሁለተኛውን መልስ ብዙዎች ከበጀት ይፈልጉታል። እኔ ግን የተዘነጋው የዝንቧ አወላለድ ይመስለኛል። ቆላ ዝንብ እንደ ቤት ዝንብ እንቁላሏን አትዘራም፤ በዘጠኝና በአሥር ቀን አንድ እጭ ብቻ ትወልዳለች። ይህ ለማጥፋት ይመቻል፤ ለማርባት ግን መከራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የተመረቀው የቃሊቲ ማርቢያ ወንዶችን በብዛት እንዲያወጣ እልፍ እናቶችን ያለማቋረጥ ደም መመገብ አለበት። ደሙ አንድ ጊዜ ቢበከል የሞቱትን መተካት ወራት ይፈጃል። የተረፈውም ወንድ በቅዝቃዜ ደንዝዞ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ፣ ከዱር ወንድ ጋር መፎካከር ይጠበቅበታል። ጨረሩ በዝቶበት ከደከመ ዋጋ የለውም።

ዛንዚባር በዚሁ ዘዴ ዝንቡን ስታጠፋ ባሕር አጥር ሆኗታል። የእኛ ሸለቆ ግን ክፍት ነው፤ ሥራው ሲላላ ዝንቡ ካልጸዳው ወገን ይመለሳል። ገበሬውም ከብቱን ከገንዲ ለማዳን ወደ መርፌው ይመለሳል፤ ያው መድኃኒት ሲደጋገም ደግሞ የበሽታው ተሐዋሲ ይለምደዋል። ለእኔ ከጨረሩ ይልቅ የሚያስፈራው ይህ ነው።

መካን ወንድ የሚያሸንፈው የዱሩ ዝንብ አስቀድሞ ሲመናመን ብቻ ነው። ስለዚህ በወንዝ ዳር የተሰቀለውን ሰማያዊና ጥቁር የጨርቅ ወጥመድ አትንኩት፤ ከብት ጸረ ዝንብ መድኃኒት የሚቀባበት ቀን ሲነገርም አንዲት ጥጃ እንኳ ቤት አታስቀሩ።