የፈነዳ የአንጎል ደም ሥርና የሥዕል ምርመራው አደጋ

አንድ ሰው ደኅና ውሎ ድንገት «ራሴን!» ብሎ ሲወድቅ፥ አንዳንዱ ምች ነው ይላል፤ አንዳንዱም ልክፍት ነው ይላል። ከዚህ ዓይነቱ አወዳደቅ ምክንያቶች አንዱ ሐኪሞች አኑሪዝም የሚሉት ነው። በሽተኛው ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ወደ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ሲደርስ ደግሞ ሌላ ክርክር ሊነሣ ይችላል፤ ይኸውም «መሣሪያው ውስጥ ቢገባ ይብስበታል» የሚል ነው። ከዚህ ፍርሃት የቱ እውነት፥ የቱ ሐሰት እንደ ሆነ በአጭሩ ለማስረዳት እንሞክራለን።

እኛ በባሕር ዳር የምንማር ብስክሌት የማናውቅ የለንምና ምሳሌውን ከዚያው እንውሰድ። የብስክሌት ውስጠኛ ጎማ በሳሳበት በኩል አየሩ እየገፋው ያብጣል። የአንጎል ደም ወሳጅም ግድግዳው በሳሳበት ቦታ እንደ ትንሽ ከረጢት ያብጣል። ይህ ከረጢት ሲፈነዳ ደሙ በአንጎል ዙሪያ ይፈስሳል፤ ራስ ምታቱም በቅጽበት ከመጨረሻው ደረጃ ይደርሳል። ከዚያ የረጋው ደም ቀዳዳውን ለጊዜው ይደፍነዋል። ድፍኑ ግን ደካማ ነው። እንደገና የመፍሰሱ ሥጋት የሚበረታው በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓቶች ሲሆን፥ ሁለተኛው ፍሰት ከፊተኛው ይልቅ ገዳይ ነው።

የመጀመሪያው ምርመራ ሲቲ ስካን ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ለንደን ውስጥ በበሽተኛ ላይ የተሞከረው ይህ መሣሪያ የፈሰሰውን ደም ያለ መርፌ በደቂቃዎች ውስጥ ያሳያል። ጨረር አለው፤ ነገር ግን ለአንድ የራስ ምርመራ የሚሰጠው መጠን በተለመደው አሠራር ሰው በዓመት ውስጥ ከተፈጥሮ ከሚቀበለው አይበልጥም። እዚህ ላይ የሚያስፈራው መዘግየት ነው። በመጀመሪያዎቹ 6 ሰዓቶች በዘመናዊ መሣሪያ የተነሣ ሥዕል ደሙን የሚስተው ከስንት አንዴ ነው፤ ሳምንት ካለፈ ግን ከበሽተኞቹ በግማሽ ያህሉ ላይ ላይታይ ይችላል። ስለዚህ ከደቅ ደሴት ወይም ከዘጌ ዘግይቶ በጀልባ የተሻገረ በሽተኛ ሥዕሉ ንጹሕ ቢሆን እንኳ፥ ከወገቡ ፈሳሽ ተቀድቶ ሳይመረመር «ደኅና ነህ» ሊባል አይገባም።

ከዚህ በኋላ ከረጢቱ የት እንዳለ መፈለግ ይከተላል። ፖርቱጋላዊው ሐኪም ኤጋስ ሞኒዝ እ.ኤ.አ. በ1927 ባስጀመረው አንጂዮግራፊ፥ በራጅ የሚታይ ፈሳሽ ወደ አንጎል ደም ሥሮች ይረጫል። ዛሬ ቀጭን ቱቦ ከብሽሽት ወይም ከእጅ አንጓ ገብቶ እስከ አንገት ይደርሳል። አደጋውም ሦስት ነው። አንደኛ፥ በምርመራው ጊዜ ከረጢቱ እንደገና ሊፈነዳ ይችላል፤ ይህ ጥቂት ጊዜ ቢሆንም ደም ከፈሰሰ በኋላ ባሉት 6 ሰዓቶች ይብሳል። ሁለተኛ፥ ቱቦው የረጋ ደም አንቀሳቅሶ ሌላ የደም ሥር ሊዘጋ ይችላል፤ በሠለጠነ እጅ ዘላቂ ጉዳት የሚደርስበት ከመቶ አንድ አይሞላም። ሦስተኛ፥ ፈሳሹ ኩላሊትን ሊጎዳ ወይም አለርጂ ሊያስነሣ ይችላል። ፈሳሹን በክንድ ሥር ሰጥቶ በሲቲ ማንሣት የቱቦውን አደጋ ያስቀራል፤ ሆኖም በጣም ትንንሾቹ ከረጢቶች ሊያመልጡት ይችላሉ።

ኤምአርአይ ጨረር የለውም፤ ግን ብርቱ ማግኔት ነው። ቀድሞ በተደረገ ቀዶ ሕክምና አንጎሉ ውስጥ ማግኔት የሚስበው የብረት መቆንጠጫ የቀረበት ሰው ሊገባበት አይገባም። ብረቱ ተንቀሳቅሶ የሞተ በሽተኛ ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1993 በሕክምና መጽሔት ታትሟል።

መንገዱም ራሱ አደጋ ነው። የሚያስመልሰውና በሕመም የሚገላበጥ ሰው የደም ግፊቱ ይጨምራል፤ ከባሕር ዳር በዓባይ በረሃ አቋርጦ አዲስ አበባ ለመድረስ ደግሞ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ስለዚህ ሕመሙና ግፊቱ ሳይበርድ፥ ትንፋሹ ሳይጠበቅ መጓዝ አያሻም።

«ሳይቃጠል በቅጠል» ያለውም፥ «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ያለውም ያው ሕዝባችን ነው። ሁለቱም ቦታ ቦታ አላቸው፤ ለሲቲ ስካኑ መፍጠን፥ ለአንጂዮግራፊው ግን ከረጢቱን ሊደፍን የሚችል ሐኪም ባለበትና ጊዜው ተመዝኖ መሆን ይገባዋል። እኛ ተማሪዎች ሐኪም ባንሆንም ወደ የቤታችን ስንመለስ ሦስት ነገር ልንረዳ እንችላለን፦ ሕመሙ የጀመረበትን ሰዓት መጻፍ፥ በሽተኛው የኩላሊት ሕመም፥ አለርጂ ወይም የቀድሞ ቀዶ ሕክምና እንዳለው ለሐኪሙ መንገር፥ ዘመድንም ከመሣሪያው ይልቅ የባከነውን ሰዓት እንዲፈራ ማስረዳት።