ያውቁ ኖሯል? የስኩሊ ኮፈን ሲከፈት

አሜሪካ ውስጥ ከአገልግሎት የወጣ የተማሪ ማመላለሻ አውቶቡስ በጨረታ ገዝቶ፣ ወንበሩን ነቃቅሎ፣ አልጋና ምድጃ አስገብቶ መኖሪያ ማድረግ ተለምዷል። «ስኩሊ» ይሉታል። አዲሱ ባለቤት ስለ ጣውላ ሲያስብ ይከርምና አንድ ቀን ኮፈኑን ሲከፍት የፈሳሽ ቋቶቹ ግራ ያጋቡታል። ለእሱ እነሆ፦

አፍንጫ የሌለው፣ ፊቱ ጠፍጣፋ የሆነ አውቶቡስ ሞተሩ ከኋላም ሊሆን እንደሚችል ያውቁ ኖሯል? እንዲህ ያለውን ከፊት ቢፈልጉት አያገኙትም።

የፍሬን ዘይት ቋት ጨርሶ የሌለው አውቶቡስ እንዳለስ? ፍሬኑ በአየር የሚሠራ ከሆነ የሚፈለገው ከወለሉ ሥር ያለው የአየር ታንክ ነው። የታመቀ አየር ሲቀዘቅዝ ውሃ ስለሚቋጥር ታንኩን ማስተንፈስ ያስፈልጋል።

ፍሬኑ በዘይት ከሆነ ነገሩ ይወሳሰባል። በብዙዎቹ ላይ የመሪው ፓምፕ የፍሬኑንም ጉልበት ስለሚያግዝ፣ የመሪ ዘይት ሲጎድል ፔዳሉ ይከብዳል። ሞተሩ ጠፍቶ ፍሬን ሲረግጡ የኤሌክትሪክ ሞተር ድምፅ ቢሰሙ አይደንግጡ፤ መጠባበቂያው ፓምፕ ነው። ሁለቱ ፈሳሾች ግን ፈጽሞ አይቀላቀሉም። የመሪ ዘይት የፍሬን ቋት ውስጥ ከገባ ጎሚኒዎቹን አሳብጦ ፍሬኑን ያበላሻል። የፍሬን ዘይት በበኩሉ እርጥበት ይመጥጣል፦ ዶት 3 አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይቆያል፤ ውሃ ሲጠጣ ግን ይህ ወሰን ወደ 140 ይወርዳል።

በቀለም መለየትስ? እኔ አላምነውም። የራዲያተር ፈሳሽ እንደ አምራቹ አረንጓዴ፣ ብርቱካናማ፣ ሮዝ ወይም ሰማያዊ ይሆናል፤ የመስታወት ማጠቢያውም ብዙ ጊዜ ሰማያዊ ነው። የመሪ ቋት በአንዱ አውቶቡስ ቀይ የካምቢዮ ዘይት፣ በሌላው የሞተር ዘይት ይጠይቃል። ክዳኑ ላይ የተጻፈውን ያንብቡ፤ ጽሑፉ ከጠፋ ቱቦውን በእጅዎ ይከተሉ። ቀጭኗ ወደ መስታወት መጥረጊያው ትሄዳለች፤ ወፍራሙ ወደ ሞተሩና ወደ ራዲያተሩ።

ኢንተርናሽናል የተባለው ኩባንያ የሚሠራው የዲቲ 466 ሞተር ካሚቻ (ፒስተኑ የሚመላለስበት ቱቦ) የራዲያተር ውሃ በቀጥታ እንደሚነካው ያውቁ ኖሯል? ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ ካሚቻው ላይ የሚፈነዱ ጥቃቅን አረፋዎች ብረቱን እስኪበሳ ይቦረቡሩታል። ስለዚህ ለከባድ ናፍጣ ሞተር የተሠራ፣ መከላከያ ቅመም ያለው ፈሳሽ ይፈልጋል። ተራ የመኪና አንቲፍሪዝ አይበቃውም።

ከ2010 ወዲህ በተሠሩ ብዙ የናፍጣ አውቶቡሶች ላይ ሰማያዊ ክዳን ያለው ታንክ ይገኛል። የሚይዘው 32.5 በመቶ ዩሪያ፣ የቀረው ንጹሕ ውሃ ነው፤ ጭሱን ለማጣራት። ከዜሮ በታች 11 ዲግሪ ላይ ይረጋል። ናፍጣ እንዳይጨምሩበት!

የሞተር ዘይት ሞተሩ ጠፍቶ፣ የአሊሰን አውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ደግሞ ሞተሩ ሞቆ እየሠራ እንደሚለካስ? በተገላቢጦሽ የለካ ሰው ዘይት ይጨምራል ወይ ይቀንሳል፤ ሁለቱም ጉዳት ነው።

በመጨረሻ፣ የራዲያተሩ ውሃ በወለሉ በኩል እስከ ኋላ ማሞቂያው ድረስ ይጓዛል። ማሞቂያውን ከመንቀልዎ በፊት ቫልቩን ይዝጉ። የፈሰሰውንም ቶሎ ይጥረጉ፤ ኤቲሊን ግላይኮል ያለበት ፈሳሽ ስለሚጣፍጥ ውሻ ይልሰዋል፣ ይገድለዋልም።