ስለ ተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ቴምብርና ስለ ፖስታው ዋጋ

የንግድ ቤት ደብዳቤ ከውጭ አገር በመጣለት ጊዜ ወረቀቱ በፋይል ይቀመጣል፤ ፖስታው ግን ይጣላል፥ ወይም ቴምብሩ በመቀስ ተቆርጦ ለልጆች ይሰጣል። ፖስታው ከተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የተላከ ሲሆን ይህ ልማድ ጉዳት አለው። ምክንያቱም ከቴምብሩ አሠራር የተነሣ ነው።

ይህ ድርጅት የራሱ ግዛት ሳይኖረው ቴምብር ለማውጣት የበቃው ከአስተናጋጅ አገሮች ጋራ በመዋዋል ነው። በማርች 1951 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ከአሜሪካ ፖስታ መሥሪያ ቤት ጋራ ተስማምቶ፥ በዚያው ዓመት ኦክቶበር 24 ቀን የመጀመሪያዎቹን ቴምብሮች በኒውዮርክ አወጣ። በ1969 በዤኔቭ በስዊስ ፍራንክ፥ በ1979 በቪየና በኦስትሪያ ሺሊንግ የሚሸጡ ተጨመሩ። ቴምብሩ እንዲያገለግል የተወሰነውም ከነዚሁ ጽሕፈት ቤቶች ለሚላክ ደብዳቤ ብቻ ነው። ስለዚህ በ1961 ለአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን የወጣው ቴምብር የአዲስ አበባውን የአፍሪካ አዳራሽ ሥዕል ቢይዝም፥ በአዲስ አበባ ፖስታ ቤት ለመላኪያ አይሆንም ነበር።

ነጋዴ ሊያስተውለው የሚገባው የገቢው ሒሳብ ነው። በኒውዮርኩ ስምምነት መሠረት በደብዳቤ ላይ የተለጠፈው ቴምብር ዋጋ ደብዳቤውን ለሚያመላልሰው ለአሜሪካ ፖስታ ይገባል፤ ለሰብሳቢዎች የተሸጠው ግን ለድርጅቱ ይቀራል። እንግዲህ ትርፉ ያለው መንገድ ባልሄደው ቴምብር ላይ ነው። በዚህም ምክንያት ብዙ ሰው እየገዛ ስላስቀመጠው ያልተሠራበት ቴምብር በገበያ ሞልቷል፤ አብዛኛውም ከተጻፈበት ዋጋ በታች ይሸጣል። ከዚህ የሚለየው በ1955 ለ10ኛው ዓመት መታሰቢያ የወጣው፥ ባለ 3፥ ባለ 4 እና ባለ 8 ሴንት ቴምብሮችን የያዘው ቅጠል ነው። የታተመው 250,000 ብቻ ስለ ሆነ ዛሬም ከተጻፈበት 15 ሴንት እጅግ በላይ ያወጣል።

በእውነት መንገድ የሄደ ፖስታ ግን ጥቂት ነው። ይህም በአሮጌው የመንግሥታት ማኅበር ደብዳቤዎች ይበልጥ ይታያል። ማኅበሩ ከ1922 ጀምሮ በዤኔቭ ለሥራ ደብዳቤው የተጠቀመው ስሙ በላያቸው በታተመባቸው የስዊስ ቴምብሮች ነበር። እንዲህ ያለውን ጽሑፍ አታላይ በተራ ቴምብር ላይ ሊያትመው ይችላል፤ ቴምብሩ ብቻውን ሲገኝ ለመመርመር ያስቸግራል። ሙሉ ፖስታ ግን የላኪውን ስም፥ የተቀባዩን አድራሻ፥ የማኅተሙን ቦታና ቀን አንድ ላይ ስለሚያሳይ፥ እንደ ደረሰኝ ለቴምብሩ ምስክር ይሆነዋል።

ስለዚህ አስተዋይ ነጋዴ ፖስታውን በአንድ ጎኑ በጥንቃቄ ይከፍታል፤ ቴምብሩን አይቆርጥም፥ በውሃም ነክሮ አይልጥም። ዝገት ያበላሻልና ስፒል አይወጋበትም፤ ፀሐይና እርጥበት በማይደርስበት ስፍራ ከነደብዳቤው ያኖረዋል። የሚገዛ ሰው ደግሞ ጽሑፍ በላዩ ለታተመበት ቴምብር ከፍ ያለ ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት ለዐዋቂ ማሳየት ይገባዋል።