ጩኸት ነው ወይስ ሙዚቃ?

ከባድ የጊታር ሙዚቃ በተነሣ ቁጥር «ጩኸት ነው» ብለው የሚያልፉ ጓደኞቻችን ብዙዎች ናቸው። ሳያዳምጡ መፍረድ ግን ለተማሪ አይገባምና፣ እኛ ናይትዊሽ የተባለው የፊንላንድ ጓድ በ2004 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ያወጣውን «ዋንስ» የተባለ አልበም ለምስክርነት እናቀርባለን።

የሲምፎኒክ ሜታል ዓላማ የማይስማሙ የሚመስሉትን ሁለቱን፣ ይኸውም የኤሌክትሪክ ጊታርንና ኦርኬስትራን ማስታረቅ ነው። ጭንቁ ጊታሩ ቫዮሊኑን እንዳይውጠው ነው። ደራሲው ቱኦማስ ሆሎፓይነንና የኦርኬስትራው አቀናባሪ ፒፕ ዊልያምስ መፍትሔውን ያገኙት ለሁሉም ተራ በመስጠት ነው።

አሥር ደቂቃ ያህል የሚፈጀውን «ጎስት ላቭ ስኮር»ን እንመልከት። የኤምፑ ቩኦሪነን ጊታርና የዩካ ኔቫላይነን ከበሮ በመካከሉ ገለል ብለው ስፍራውን ለኦርኬስትራና ለመዘምራን ይለቃሉ፤ ሲመለሱም ኃይላቸው እጥፍ ሆኖ ይሰማል። ከሁሉም በላይ የክላሲክ ዘፈን የተማረችው የታርያ ቱሩነን ድምፅ ይንሳፈፋል። በሌሎቹ ዘፈኖች የማርኮ ሂየታላ ሻካራ ድምፅ ከርሷ ጋራ ሲገጥም ልዩነቱ ራሱ ውበት ይሆናል።

ታርያ በ2005 ከጓዱ ስለ ተሰናበተች፣ የአምስቱ ስምምነት የተቀረጸበት የመጨረሻው የስቱዲዮ አልበም ይኸው ነው። እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች፣ አስቀድማችሁ አዳምጡ፤ ፍርዱ ከዚያ በኋላ ይሁን።