የፋክስ ሞደም ቺፕ፦ አሠራሩና ከኮምፒውተሩ የሚጠይቀው አቅም

ፋክስ አንድን ደብዳቤ ከነማህተሙና ከነፊርማው በስልክ መስመር አሻግሮ የሚያደርስ መሣሪያ መሆኑ ይታወቃል። ይህንኑ ሥራ በኮምፒውተር ውስጥ ለሚሰካ አነስተኛ ካርድ ያስተላለፈው የፋክስ ሞደም ቺፕ ሲሆን፣ ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሮክዌልን በመሳሰሉ ኩባንያዎች በብዛት ተመርቶ በዓለም ገበያ ተሠራጭቷል። ይሁን እንጂ ካርዱን ገዝተው የሰኩ ብዙ ተጠቃሚዎች ገጹ ግማሽ ላይ እየተቆረጠባቸው ተቸግረዋል። ችግሩ በስልክ መስመሩ ቢሳበብም ዘወትር የመስመሩ ጥፋት አልነበረም፤ ቺፑና የተሰካበት ኮምፒውተር ባለመጣጣማቸው የሚከሰትበት ጊዜም ነበር።

የስልክ መስመር የተዘረጋው ለሰው ድምፅ በመሆኑ የሚያስተላልፈው ከ300 እስከ 3,400 ሄርዝ ያለውን ድምፅ ብቻ ነው። በመሆኑም የቺፑ ቀዳሚ ተግባር የገጹን ነጥቦች ወደ ድምፅ፣ ድምፁንም መልሶ ወደ ነጥብ መለወጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 በወጣው የግሩፕ 3 ደረጃ መሠረት እያንዳንዱ አግድም መስመር በ1,728 ነጥቦች ይከፈላል። አንድ የኤ4 ገጽ በተለመደው ጥራት ሲላክ ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጉ ነጥቦች ይኖሩታል፤ በከፍተኛ ጥራት ሲላክ ደግሞ ቁጥሩ እጥፍ ይሆናል። ፋክስ የሚልከው ፊደል ሳይሆን ሥዕል መሆኑ ለአማርኛ ጸሐፊዎች የራሱ ጥቅም ነበረው። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ በፋክስ ግን ከዚያ አስቀድሞም የትኛውም ፊደል ያለ አንዳች ችግር ይተላለፍ ነበር።

የቺፑ ጥራት በመጀመሪያ የሚለካው በሚደግፋቸው የፍጥነት ደረጃዎች ነው። ቪ.27ተር የተባለው ደረጃ በሰከንድ እስከ 4,800 ቢት፣ ቪ.29 እስከ 9,600 ቢት፣ ቪ.17 ደግሞ እስከ 14,400 ቢት ያስተላልፋሉ። እነዚህ ሁሉ በአንድ ጊዜ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሠሩ በመሆናቸው፣ ላኪና ተቀባይ እኩል ከሚነጋገሩባቸው የዳታ ሞደሞች ይልቅ የቺፑ አሠራር ቀለል ያለ ነው። ሁለቱ መሣሪያዎች ሲገናኙ የሚደረገው ድርድር ግን በቪ.21 ደረጃ፣ በሰከንድ በ300 ቢት ዝግታ ይካሄዳል። ደዋዩ በ1,100 ሄርዝ ድምፅ ራሱን ያሳውቃል፤ ተቀባዩ በ2,100 ሄርዝ ይመልስና አቅሙን ይዘረዝራል። ላኪው ፍጥነት መርጦ ለ1.5 ሰከንድ የሙከራ ምልክት ይልካል። ሙከራው ከተበላሸ ተቀባዩ ያስታውቃል፤ ላኪውም ወደ ዝቅተኛ ፍጥነት ይወርዳል። መስመሩ በሚጮህበት አካባቢ አንድ ገጽ ደቂቃዎችን የሚፈጀው በዚሁ ምክንያት ነው።

ከፍጥነት ባልተናነሰ የሚያስፈልገው የማሳጠር ዘዴ ነው። 2 ሚሊዮን ቢት እንዳለ በ9,600 ፍጥነት ቢላክ ከ3 ደቂቃ በላይ ይወስዳል። ደብዳቤ አብዛኛው ነጭ ስለሆነ ግን ነጩና ጥቁሩ ርዝመታቸው ብቻ ተቆጥሮ በአጫጭር ምልክቶች ይላካል። የማሳጠሩ መዘዝ አንድ ቢት ሲበላሽ ሙሉው መስመር፣ አንዳንዴም ተከታዮቹ መስመሮች አብረው መበላሸታቸው ነው። ለዚህ መፍትሔ የሆነው የስህተት ማረሚያ ዘዴ ገጹን እስከ 256 ባይት በሚይዙ ጥቅሎች ይከፋፍላል፤ የተበላሹት ብቻ ዳግም ይላካሉ። እስከ 256 ጥቅሎች በአንድ ላይ ስለሚያዙ ላኪው የላከውን እስኪረጋገጥ ድረስ ለማቆየት 64 ኪሎባይት ሜሞሪ ያስፈልገዋል። የገንዘብ ሰነድ ለሚልክ መሥሪያ ቤት ይህን ዘዴ የማይደግፍ ቺፕ መግዛት ተገቢ አይመስልም፤ በሒሳብ መዝገብ ላይ የጠፋ አንድ መስመር ቀላል ጉዳይ አይደለምና።

ከኮምፒውተሩ የሚጠየቀው አቅም በቺፑ ዓይነት ይወሰናል። ክላስ 1 በተባለው አሠራር ድርድሩን የሚመራው የኮምፒውተሩ ሶፍትዌር ሲሆን፣ ከቀስታው ድርድር ወደ ፈጣኑ ስርጭት ለመሻገር የሚፈቀድለት ጊዜ 75 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ብቻ ነው። ክላስ 2 ግን ድርድሩን ለሞደሙ ይተወዋል። በመካከሉ ያለው ተከታታይ ወደብም ወሳኝ ነው። በ19,200 ፍጥነት አንድ ባይት በየግማሽ ሚሊ ሰከንዱ ይደርሳል፤ አሮጌው 8250 ቺፕ የሚይዘው 1 ባይት ብቻ በመሆኑ ኮምፒውተሩ ጥቂት ከዘገየ መረጃው ይጠፋል። 16550ኤ የተባለው ግን 16 ባይት ማቆየት ስለሚችል ለኮምፒውተሩ ፋታ ይሰጠዋል። የተቆረጡት ገጾች ምክንያት ብዙ ጊዜ የሚገኘው በዚህ ስፍራ ነው።

በ1990ዎቹ መገባደጃ ገበያውን ያጥለቀለቁት ርካሽ ካርዶች ደግሞ ሌላ ጣጣ አመጡ። እ.ኤ.አ. በ1999 ከሮክዌል ተለይቶ የወጣው ኮኔክሳንት ኤችሲኤፍ በሚል ስያሜ የሸጠው ዓይነት የድምፅ ስሌቱን በቺፑ ላይ አስቀርቶ የቁጥጥር ሥራውን ለኮምፒውተሩ ያስተላልፋል። ኤችኤስኤፍ የተባለው ግን ስሌቱንም ጭምር በፕሮሰሰሩ ላይ ይጭናል። ከፔንቲየም ኤምኤምኤክስ በታች በሆነ ኮምፒውተር ላይ እንዲህ ያለውን ካርድ መሰካት ከንቱ ድካም ነበር። ለዊንዶውስ ብቻ የተዘጋጀ ሶፍትዌር ይዘው የሚመጡ በመሆናቸውም የሊነክስ ተጠቃሚዎች በእጅጉ ተቸግረውባቸዋል። በዋጋ የሚቆጠበው ገንዘብ ለአዲስ ኮምፒውተር መግዣ ይወጣ ነበር ማለት ይቻላል።

ቺፑ ከስልክ መስመሩ ጋር በቀጥታ አይገናኝም። በመስመሩ ላይ 48 ቮልት ገደማ የሚገኝ ሲሆን፣ ጥሪ ሲመጣ ወደ 90 ቮልት የሚጠጋ ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ይታከልበታል። ስለዚህ በመካከሉ ትራንስፎርመርና ሪሌይ፣ በኋለኞቹ ሞዴሎች ደግሞ ካፓሲተሮችን የሚጠቀም መለያ ክፍል ይደረጋል። ይህ ክፍል ኮምፒውተሩን ከአደጋ ይከላከላል፤ መስመሩን ያነሳል፣ ይዘጋል፣ ጥሪንም ይለያል።

ፋክስ ዛሬም ፈጽሞ አልጠፋም፤ በአሜሪካ የሕክምና ተቋማት የታካሚ ሰነዶች እስካሁን በዚሁ መንገድ ይላካሉ። አሁን የሚገጥመው ፈተና የስልክ መስመሩ ራሱ ወደ ኢንተርኔት መዛወሩ ነው። የሰውን ንግግር ለማሳጠር የተዘጋጁት ጂ.729ን የመሳሰሉ ዘዴዎች የፋክሱን ድምፅ ስለሚያዛቡት፣ ቲ.38 የተባለው እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣ ደረጃ ድምፁን ወደ ዲጂታል መረጃ መልሶ በኢንተርኔት ያሻግረዋል፤ በሌላኛው ጫፍም ወደ ድምፅ ይለውጠዋል። ነባር የፋክስ ሞደም ይዞ ወደ ኢንተርኔት ስልክ የሚሸጋገር መሥሪያ ቤት አገልግሎት ሰጪው ይህን ደረጃ መደገፉን አስቀድሞ መጠየቅ ይኖርበታል።